መንጋጋ ባኘከ ቀን

እኔ አንድ ቦታ የምረጋ ሰው አይደለሁም። አራት ልጆች አሉኝ፤ አበባው ወረታ፣ ሌላው ወንድ ልጄ ደብረ ታቦር፣ አንዷ አዲስ ዘመን፣ የመጨረሻዋ ስንዱ ደግሞ ጣና መካከል ደቅ ደሴት ላይ። ሁለት ወር እዚህ፣ ወር ከአሥራ አምስት እዚያ እያልሁ ዓመቱን እጨርሰዋለሁ። ጎረቤት «የሺ ጓዟ ጀርባዋ ላይ ነው» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። አንድ ፌስታል ልብስ፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ መቁጠሪያ፤ በቃኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ የምናገረውን የምትጽፍልኝ የአበባው ልጅ ናት፤ «አያቴ ቀስ በይ፣ እጄ ዛለ» እያለች።

የማወራችሁ ነገር የደረሰው ካቻምና ግንቦት ላይ ነው። ስንዱ ካገባች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጅ አላገኘችም ነበር። ለእሷ ብዬ ያልተሳልሁበት ታቦት የለም፤ ጣራ ገዳም ድረስ በእግሬ ወጥቻለሁ። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ቀኑ አይገፋም፣ አይሳብም። እሑድ ንጋት ላይ ይውላል ተባለ፤ እኔ ቅዳሜ መሻገር አለብኝ። ሳልደርስ ብቀር ልጄን በምን ዓይኔ አያታለሁ እያልሁ ወር ሙሉ ስዘጋጅ ከረምሁ።

መጀመሪያ ስለ ባሕሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ፍርሃታችን አይገባችሁም። ከወረታ ወደ ጣና የሚወስደው መንገድ በፎገራ ሜዳ መካከል ነው የሚሄደው። ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ሩዝ የሚዘራበት ሜዳ ግንቦት ላይ ተሰነጣጥቆ ከብት ቃርሚያ ይለቅምበታል። መጨረሻው ወደቡ ነው። ወደብ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አራት አምስት የእንጨት ጀልባ፣ አንድ የቆርቆሮ ዳስ፣ ዳር ላይ የተደረደረ ታንኳ ነው።

ከወደቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ገባ ሲሉ ውኃው ሥር የተሸሸገ የድንጋይ መደብ አለ። ጀልባ ነጂዎቹ መንጋጋ ይሉታል። ግራና ቀኙን እምቦጭ አረም ስለወረረው ሞተር አያሳልፍም፤ ያለው መተላለፊያ በመንጋጋ ጥግ ነው። ነፋስ በሌለ ቀን ድንጋዩ ላይ ዓሣ ሲርመሰመስ እያያችሁ ታልፋላችሁ። ከምዕራብ ነፋስ ሲነሣ ግን ከሩቅ ተኝቶ የመጣው ሞገድ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆምና ይሰበራል፤ ውኃው ነጭ አረፋ ይደፍቃል። ያን ጊዜ «መንጋጋ አኘከ» ይላሉ። መንጋጋ ሲያኝክ አይታለፍም፤ ይህን የወደቡ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ወደቡ ላይ ደግሞ ባሕሩን የምትለካ ልጅ አለች። መዓዛ ትባላለች፤ ከደሴ ለሥራ የመጣች፣ ዕድሜዋ የልጅ ልጄን ያህል ቢሆን ነው። የውኃውን ከፍታ ቁጥር በተጻፈበት እንጨት ትለካለች፤ የነፋሱን ጠባይ በስልኳ ታያለች፤ ከዚያ የነገውን ሞገድ ማታ ማታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ታወጣዋለች። መጀመሪያ በሜትር ስትጽፍ ዞር ብሎ ያያት አልነበረም አሉ። ኋላ ብልሃት አገኘች። አንድ ሰውዬ ትሥልና ሞገዱ እስከ የት እንደሚደርስበት ታሰምራለች፤ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት። ከጎኑ ፀሐይ ትሥላለች፤ ፀሐይዋ ዝቅ ካለች ማለዳ፣ ከፍ ካለች ረፋድ ነው። እንደኔ ፊደል ያልቆጠረችውም ሰሌዳውን አነበበችው ማለት ነው። ሰዎቹ «የመዓዛ ሰውዬ ዛሬ እስከ የት ጠለቀ?» ይባባሉ ጀመር።

ቅዳሜ ጀልባው የሚነሣው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፤ ነፋሱ ሳይነቃ መንጋጋን ለማለፍ። እኔ ደግሞ ገና በሌሊት ነጠላዬን አጣፍቼ ቁጭ ብያለሁ። የአበባው ሚስት ግን ለመንገዴ ብላ ዶሮ ሠርታ ኖሯል። ባሕሩ ይጠብቀኛል እንዴ፣ ልሂድ ማለት ነበረብኝ። ልጅቱ እሳት ዳር ስትንጨረጨር አድራ እንዴት ብዬ እምቢ ልበላት? በላሁ። ስበላ ጊዜ «እንደ ወፍ ለቀሙ እንጂ የት በሉ» ብላ ጨመረችልኝ፤ እሱንም በላሁ። ከዚያ አበባው ከሩዝ መፈልፈያው ለክርስትናው ያዘጋጀውን አንድ ጆንያ ነጭ ሩዝ ካላመጣሁ አለ። የባጃጁ ነጂ በበኩሉ መንገድ ላይ የአክስቱን ቤት ሳይሳለም ማለፍ አልሆነለትም። ወደቡ ስደርስ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ጀልባው እንደሄደ እርግጠኛ ነበርሁ፤ እንዲያውም ከባጃጁ ስወርድ የማለቅሰውን ልቅሶ አዘጋጅቻለሁ።

ጀልባው ግን ቆሟል። ዘጠኝ ሰዎች ከነዕቃቸው ተሳፍረው ፀሐይ እየበላቸው ሦስት ሰዓት ሙሉ እኔን ጠብቀዋል። የጀልባው ባለቤት ላቀው ሲያየኝ ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። ላቀው አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ለአበባው አደርሳታለሁ ብሎ ቃል ገብቶለት ነበር። ስላዘገየሁት ይቅርታ ብጠይቀው «እማማን ትተን የት እንሄዳለን?» አለኝ። በእፍረት መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰሌዳውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የመዓዛ ሰውዬ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ነው። ፀሐይዋ ደግሞ አሁን ሰማዩ ላይ ካለችው ትንሽ ብቻ ከፍ ብላ ተሥላለች። መዓዛ ራሷ እጇን አጣምራ ወደኔ መጣች። እንደምን አደሩ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሕፃኗ ደኅና ናት ወይ ተባባልን። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እማማ፣ ነፋሱ ከአራት ሰዓት በኋላ ትንሽ ሳይበረታ አይቀርም» አለችኝ።

ትንሽ አለች። ሰሌዳው ላይ ደረት ሥላ፣ ለእኔ ስትነግረኝ ትንሽ አደረገችው። እኔም ደረቱን በዓይኔ እያየሁ፣ ትንሽ መሆኑን እንዳመንሁ ሁሉ «እግዜር ያውቃል ልጄ» አልኋት። አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ላቀው ባሕሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሞተሩን አየ። የሽንኩርት ነጋዴዋ ብርቄ ጆንያዎቿ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ታያለች። እንዴት ብዬ «ዛሬ ይቅርብኝ» ልበል? ሦስት ሰዓት ለኔ ሲሉ በፀሐይ የተንቃቁ ሰዎች ናቸው። ሳንቃውን ተራምጄ ገባሁ። ላቀው ከነበሩት ሁለት የመንሳፈፊያ ሰደርያዎች አንዱን ሰጠኝ፤ እኔ ብቻ ለብሼ ልታይ ብዬ አፍሬ ሥሬ አድርጌ ተቀመጥሁበት።

መጀመሪያ ላይ ደስ የሚል ጉዞ ነበር። ብርቄ ጨዋታ ትወዳለች። «እማማ» አለችኝ፣ «ይህቺ ልጅ እናቷን ዘጠኝ ዓመት አስጠብቃ መጣች አሉ፤ እርስዎ ደግሞ እኛን ሦስት ሰዓት። ዘር ከልጓም ይስባል።» ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ እፍረቱም ትንሽ ለቀቀኝ። እምቦጩን እያለፍን ነበር። ወፍ ከአረሙ እየተነሣ ይበራል።

ነፋሱ የመጣው እንደ ሰው ነው፤ መጀመሪያ የነጠላዬን ጫፍ ነካ አድርጎ ዝም አለ። ቀጥሎ ፊቴን መታኝ። የውኃው ቀለም ከሩቅ ጠቆረና ጥቁረቱ ወደ እኛ እየሰፋ መጣ። ጀልባዋ መነሣትና መውደቅ ጀመረች። ጨዋታው ቀስ በቀስ ተቋረጠ፤ ያቋረጠው ሰው ግን የለም። ብርቄ ቃሏን ጀምራ ሳትጨርስ ተወችው።

ከዚያ መንጋጋን ሰማነው። ከማየታችን በፊት ነው የሰማነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲንከባለል የመሰለ ድምፅ ነበር። ቀና ስል ነጩ አረፋ ታየኝ። ሞገዱ እዚያ ሲደርስ ከብት ከተኛበት እንደሚነሣ ወገቡን አንሥቶ ይቆምና አናቱ ተገምሶ ይወድቃል። ውኃው ሲሸሽ ጥቁሩ ድንጋይ ብቅ ይላል፤ ወዲያው ሌላው ይደርስና ይከድነዋል።

ላቀው ከኋላዬ ነበር። ዞር ስል እጁ የሞተሩን መያዣ ላላ ሲያደርገው አየሁ። ጀልባዋ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ አልቆመችም፣ አልተመለሰችም። ከፊቱ ላይ ምንም አይነበብም፤ ላቡ ግን በዚያ ነፋስ ውስጥ ይወርዳል። ብርቄ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ነው። ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኗል። ማንም ማንንም አያይም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እነዚህ ሰዎች ጠዋት ወደቡ ላይ እንደጠበቁኝ አሁንም እየጠበቁኝ ነው። ላቀው ልመለስ ቢል አሮጊት ከልጅ ልጇ ክርስትና አስቀረ ይባላል። ብርቄ ብትናገር ለራሷ ነፍስ ሣሣች ይባላል። ሁሉም ለእኔ ሲል ወደ ድንጋዩ እየሄደ ነው፤ እኔ ደግሞ ለእነሱ ስል። በዚያች ጀልባ ላይ መሄድ የሚፈልግ አንድም ሰው አልነበረም።

ያም ሆኖ አፌ ቶሎ አልተከፈተም። ስንዱ ታየችኝ። እንመለስ ካልሁ ሰማንያው ቀን ያለ እኔ ያልፋል፤ ዘጠኝ ዓመት የለመንሁት ቀን ማለት ነው። ሁለት ሞገድ መንጋጋ ላይ ሲሰበር አየሁ። ሦስተኛው ሲነሣ፣

«ላቀው» አልሁት።

«አቤት እማማ።»

«ልጄ፣ እኔ ፈራሁ። መልሰኝ።»

 ላቀው «እግዜር ይስጥዎት» አለ፤ ያለቀሰ ነው የመሰለኝ። ብርቄ ትንፋሿን በረጅሙ አስወጥታ «እኔማ ገና ሳንነሣ ነው የፈራሁት» አለች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኋት። «አያት ለክርስትና ስትሄድ እኔ ለሽንኩርቴ ልፍራ?» አለችኝ።

መመለሱ ግን እንደ ማውራቱ አልነበረም። ጀልባ ስትዞር ጎኗን ለሞገድ ትሰጣለች፤ የሚገለብጣትም ያን ጊዜ ነው። ላቀው ሁላችንንም ወለሉ ላይ አስቀመጠን። ሰደርያውን እኔ ራሴ ካልለበስሁ እንደማይዞር ነገረኝ፤ ለበስሁ። ሁለተኛውን ነፍሰ ጡር የነበረች አንዲት ሴት ለበሰች። ትልልቆቹ ሞገዶች ተከታትለው ይመጣሉ፣ ከዚያ ጥቂት ያርፋሉ፤ በዕረፍቱ ነው የምዞረው አለን። ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥር ጀመር። አንድ ሲል ተነሣን፣ ወደቅን። ሁለት። ሦስት ላይ የጀልባዋ አፍንጫ ሰማይ አየ። አራተኛው ዝቅ ያለ ሆነ፤ «ያዙ» አለና ሞተሩን አስጮኸው።

ሦስት አራተኛ ያህል እንደዞርን አንድ ያልጠበቅነው ሞገድ ጎናችንን መታን። ውኃው እስከ ጭኔ ገባ። በተቆረጠ ጀሪካን፣ በድስት፣ በእጅ ቀዳን። ላቀው ዕቃ ይቅለል ሲል ሰው ሁሉ የሰውን ዕቃ እያየ አመነታ። የክርስትናውን ሩዝ እኔ ጀመርሁ፤ ሁለት ሰዎች አግዘውኝ ገፋነው። ብርቄ አንድ ጊዜ ጆንያዎቿን አየች፣ አንድ ጊዜ እኔን፤ ከዚያ አፋቸውን ፈትታ ሽንኩርቱን ለቀቀችው። ሽንኩርቱ ሰጥሞ አልቀረም፤ ቀይ በቀይ ሆኖ ተበትኖ ከጀልባችን ጎን እየተንሳፈፈ ወደ ወደቡ አብሮን መጣ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ብርቄ «እንዲያውም ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል» ብትል ነፍሰ ጡሯ ሴት በሳቅ ፈነዳች።

ወደቡ ስንደርስ መዓዛ እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ቆማለች። ያነሣችኝ እሷ ናት። ደረቷ ላይ እንዳለሁ «ለሰሌዳው የጻፍሁትን ለእርስዎ አልነገርሁዎትም» አለችኝ። ነግረሽኛል፣ እኔም አይቼዋለሁ፤ ሁለታችንም አሳነስነው እንጂ አልኋት።

የቀረው ለስንዱ መደወል ነበር። መዓዛ ስልኩን ደውላ ሰጠችኝ።

«እምዬ፣ የት ደረስሽ?»

«ልጄ፣ አልመጣሁም። ፈርቼ ከመንጋጋ ተመለስሁ።»

 ልቧን ሰበርሁት ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ልቅሶዋን ሰማሁ፤ በልቅሶው መካከል «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች። ከነጋ ጀምሮ ሕፃኗን አዝላ ውኃው ዳር ቆማ ኖሯል። ጥቁሩን ነፋስ ስታይ ስልኳን አንሥታ ደጋግማ አስቀምጣለች። እናቷን አትምጪ አለች እንዳትባል፣ ይልቁንም እኔ እንዳይከፋኝ። እንግዲህ እዚያም ማዶ አንዲት ዝም ያለች ነበረች።

እሑድ ልጅቱ ያለ እኔ ክርስትና ተነሣች። እኔ የመዓዛ ሰሌዳ ሥር ተቀምጬ ዋልሁ። አልዋሻችሁም፤ አለቀስሁ። ግን ልቅሶው የሚያቃጥል አልነበረም፤ እንደ ሚያዝያ ዝናብ መጥቶ ሄደ። መዓዛ ነፋሱ እስከ ማክሰኞ እንደሚቆይ፣ ረቡዕ ንጋት ላይ ውኃው እንደሚተኛ ነገረችኝ። ያን ሁሉ ቀን እሷ ጋ አደርሁ፤ ስልኳ ላይ ያለውን የነፋስ ቀስት እንዴት እንደሚታይ አሳየችኝ፤ እኔም የሩዝ አነባበሮ አስተማርኋት። አንድ ነገር ግን ይከነክናት ነበር። ሰሌዳው እውነቱን ይናገራል፤ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ቢሆንም ሰው ከሰው አፍሮ ይሄዳል። ምን ላድርግ አለችኝ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ነፋሱ ገና አልበረደም፤ ደቅ ላይ ተዝካር ያለባቸው ሰዎች መጥተው ላቀውን ከበቡት። ላቀው እንደ ልማዱ ባሕሩን አየ፣ ሞተሩን አየ። መናገር አቅቶታል። እኔ ከሰሌዳው ሥር ሆኜ «ላቀው፣ እኔ ዛሬም ፈርቻለሁ» አልሁ። እኔ መንገደኛቸው አይደለሁም፤ የፈራሁትም ለማንም አይደለም። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ላቀው ፊቱ በራ። ወደ ሰዎቹ ዞሮ «እማማ የሺ ፈርተዋል፤ እሳቸውን አስጨንቄ እንዴት ልሂድ?» አለ። ሰዎቹም ክብራቸው ሳይነካ «እማማ ከፈሩማ» እያሉ ዕቃቸውን አወረዱ። ሁሉም ለመፍራት የሚያሳብብበት ሰው ነበር ያጣው።

ረቡዕ ውኃው እንደ ዘይት ተኝቶ ተሻገርሁ። መንጋጋ ላይ ዓሣው ሲርመሰመስ አየሁ። ስንዱ ልጅቱን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝ፤ ክብደቷ የሩዝ እሸት ነዶ ያህል ነው። እኔ ሳልመጣ የቤት ስም አላወጡላትም ነበር። ያን ቀን ማታ ስንዱ፣ እውነት መናገር ከጀመርን ይህንንም ልንገርሽ ብላ፣ እየዞርሁ የምኖረው አንድ ቤት መክረም ሸክም መሆን መስሎኝ እንደሆነ፣ አራቱም ልጆቼ ይህ እንደሚያሳዝናቸው ነገረችኝ፤ ከእንግዲህ እሷ ጋ እንድቀመጥም ለመነችኝ። እኔ ደግሞ ለሃምሳ ዓመት ያልተናገርሁትን ነገርኋት። ሸክም ልሁን ብዬ ፈርቼ አይደለም የምዞረው፤ መንገድ ስለምወድ ነው። አዲስ ሰው፣ አዲስ ምሳ፣ የባጃጅ ጨዋታ ስለምወድ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ማለት አያት ለሆነ ሰው ነውር ይመስለኝ ነበር። ስንዱ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። የሕፃኗንም የቤት ስም መንገዴ አልናት።

እናንተ የምታነቡ፣ እኔ መምከር አላውቅበትም። ይሉኝታ መጥፎ ነው ልላችሁም አልችልም፤ ምራቴ ሌሊቱን እሳት ዳር ያደረችው በይሉኝታ ነው፤ ላቀው ፀሐይ ላይ የጠበቀኝም በእሱ ነው። ይሉኝታ ከሌለ ሰው ለሰው አይነሣም። ግን ውኃ ይሉኝታ የለውም። ሰው ሁሉ ዝም ባለበት ቦታ ዕድሜ የጠገበ ሰው ካለ፣ ፈራሁ ማለት ከእሱ ነው የሚያምረው። ምን ይቀርበታል? ወጣቱ ፈራ ቢባል ስሙ ይጎድፋል፤ እኛ አሮጊቶቹ ግን በመፍራታችን የሚታዘበን የለም። ታዲያ ፍርሃታችንን ብንሰጣቸውስ?

ባለፈው ጥር ደብረ ታቦር ልጄ ቤት ደጅ ላይ ጥጥ እፈትላለሁ። ስልኬ ጮኸ፤ መዓዛ ናት። ሰሌዳው ደረት ነው፤ ሠርገኞች መጥተው ላቀውን ይዘውታል፤ እሱ ደግሞ ሞተሩን እያየ ነው አለችኝ። ከዚያ ትንሽ አፍራ፣

«እማማ፣ ዛሬ ፈርተዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ዙሪያዬን አየሁ። ተራራው ደርቋል፤ ዓይኔ እስከሚያይ ድረስ ያለው ውኃ ዶሮ የምትጠጣው ብቻ ነው።

«በጣም ፈርታለች በያቸው» አልኋት።

የዚህኛው ልጄ ሚስት ከቤት ብቅ ብላ ምን ሆኑ ብትለኝ፣ ምንም አልሆንሁም፣ ጀልባ እያስቀረሁ ነው አልኋትና እንዝርቴን አነሣሁ።